ኮርቻዋን ታቅፋ የሄደችው

ኮርቻው በተረገጠበት ቀን ግቢው ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። ግቢውን ያከራዩን አያ ዳኘው፣ ሚስታቸው እማማ ዘውዴ፣ በጓሮ በኩል ያለችውን ክፍል ይዛ ጠላ የምትሸጠው ሽታዬ፣ ግንበኛው ባሌ ፈንቴ፣ ያን ጊዜ የወተት ጥርሷን የምትነቅለው ልጄ ወለላ፣ እኔ ብርቄ፣ እና የቅቤ ሽታ ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው ውሻችን ቡቺ። ሌላው ሁሉ ነበረ። ያልነበረችው የነገሩ ባለቤት ብቻ ናት፤ እሷም ትርንጎ ናት።

ትርንጎ ዛሬም የለችም። የት እንዳለች አላውቅም። በቅርቡ ባሕር ዳር የሚመላለስ አንድ ሹፌር እንዲጠይቅልኝ ለምኜው ነበር። የእናቷን ሰፈር አግኝቶታል፤ ቤቱ ግን ፈርሶ መንገድ ወጥቶበታል፣ የሚያውቃትም ሰው አላገኘም። ይህን ከሰማሁ ወዲህ በህልሜ ትመጣለች። ትመጣለች ማለት እንኳ አልችልም፤ ጭጋግ በሰቆጣ ላይ ተኝቶ ሳለ ከላይኛው ዳገት ብስክሌቷ ብቻዋን ስትወርድ ነው የማየው። ኮርቻው አለ፤ የተቀመጠበት ሰው የለም። ፉጨቷ ግን አለ። እኔም በህልሜ በር ላይ ቆሜ፣ «ቀስ በይ፣ ቀስ በይ» እላለሁ።

ትርንጎ ወደ ሰቆጣ የመጣችው ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ክትባት ሰጪ ነበረች። ከእኛ ጋር ግድግዳ የሚጋራውን ክፍል ተከራየች። ያደገችበት ባሕር ዳር ሜዳ ነው፤ ሴቱም ወንዱም በብስክሌት ነው የሚሄደው። የእኛ አገር ደግሞ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። መሥሪያ ቤቱ ብስክሌት ሲሰጣት ሌሎቹ ሠራተኞች ሳቁባት ይባላል። እሷ ግን የክትባቱን የበረዶ ሳጥን ከኋላ በጎማ ቁራጭ አስራ፣ መንገድ እስካለ ድረስ ትሄድባታለች፤ መንገዱ ሲያልቅ ከሰው ቤት ታስቀምጥና ሳጥኑን በትከሻዋ አንግታ በእግሯ ትቀጥላለች።

አያ ዳኘው መጀመሪያ ያዩዋት ዕለት ከደጃቸው ተነሥተው ብስክሌቷን ዞሯት።

«እህቴ፣ ይቺ የብረት በቅሎ ይህን ዳገት ትወጣለች?»

«አትወጣም፣ አያ። ቁልቁለቱን እሷ ትሸከመኛለች፤ ዳገቱን እኔ እሸከማታለሁ። ተስማምተናል።»

«ታዲያ በቅሎዋ ማንኛችሁ ናችሁ?»

«እሱን ገና አልተነጋገርንም።»

አያ ዳኘው ሲስቁ ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ባለ በቅሎዋ» አሏት፤ ሰፈሩም ተቀበለው።

የብስክሌቷ ደወል ጠጠሩ ላይ ወልቆ ጠፋ። ስለዚህ ቁልቁለት ስትወርድ ታፏጫለች። እማማ ዘውዴ ይህን ሊችሉት አልቻሉም።

«ሴት ልጅ ታፏጫለች? ምነው ልጄ! ሰይጣን ልትጠሪ ነው?»

«እማማ፣ ደወሉ ወድቆብኝ እኮ ነው። ፍየሎቹን በምን ላስጠንቅቃቸው?»

«በስመ አብ በያ!»

«በስመ አብ ብዬ እስክጨርስ ፍየሉ ከጎማው ሥር ይገባል።»

እናቶች ፉጨቱን ለመዱት። ከሩቅ ሲሰሙት የልጃቸውን የክትባት ካርድ ከሣጥን ያወጣሉ። ልጆቹም ለመዱት፤ ሲሰሙት አልጋ ሥር ይገባሉ። እኔ ግን ስሰማው ሥራዬን ትቼ ልወጣ ይቃጣኛል። እንደ ማለዳ ብርድ ያለ ቀጭን ድምፅ ነበር። ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ፣ ከተራራው ነው ከሰማዩ ሳይባል፣ መጀመሪያ እሱ ይደርሳል፤ እሷ ቆይታ ትመጣለች።

ስለ ራሴ ብዙ የምለው የለኝም። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ፈሪ ሰው ነኝ። ከወለላ በፊት የወለድኩትን ወንድ ልጅ ኩፍኝ ወስዶብኛል፤ ከዚያ ወዲህ ወለላን ከዓይኔ ሥር አውጥቼ አላውቅም ነበር። ውኃ ብትወርድ እከተላለሁ፤ ትምህርት ቤት ብትሄድ ደወሉ ሳይደወል በር ላይ እቆማለሁ። ትርንጎ ለኩፍኝ ስትከትባት ልጄን አቅፌ ይዤ፣ «አሁንስ? ለስንት ጊዜ ከቤት አላውጣት?» ብዬ ጠየቅኋት። ጥጡን የልጄ ክንድ ላይ ይዛ ቀና ብላ አየችኝ።

«እትዬ ብርቄ፣ ልጅ የሚከተበው እንዲወጣ እኮ ነው» አለችኝ።

አልገባኝም። ማለት፣ ቃሉ ገባኝ፤ ልቤ ግን አልተቀበለውም።

አሁን ወደ ኮርቻው ልምጣ። የመሥሪያ ቤቱ ብስክሌት ኮርቻ ተቀዶ ስፖንጁ ወጣ። ትርንጎ ለፋሲካ ወደ እናቷ ሄዳ ስትመለስ አንድ የቆዳ ኮርቻ በነጠላ ጠቅልላ አመጣች። ባሕር ዳር ብስክሌት ከሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ያገኘችው ነው፤ ሰው ሳይቀመጥበት ዓመታት ተሰቅሎ የኖረ። ወፍራም ቡናማ ቆዳ ከብረት ላይ ተወጥሮ፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ። አያ ዳኘው በጣታቸው መገጣጠሚያ እንደ በር ቆረቆሩትና፣ «ቤቶች! ሰው አለ?» አሉ።

በመጀመሪያው ሰሞን ትርንጎ ከሥራ ስትመለስ እያነከሰች ነበር። ሽታዬ ጠላዋን እየቀዳች ትስቅባታለች።

«ትርንጎ፣ የምትገራው በቅሎዋ ናት ወይስ አንቺ?»

«ሁለታችንም ገና ነን።»

«ምነው ታዲያ እሷ ስታነክስ አናይ?»

ማታ ማታ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ከማር የቀረ ሰምና ጥቂት ሞራ አቅልጣ፣ በአንድ ጣቷ ብቻ እየነካች ቆዳውን ታሸዋለች። ብዙ አትቀባም። ሽማግሌው፣ «ትንሽ ቅቢው፣ ብዙ ተቀመጭበት» ብለዋታል። ከዚያም እግሯን በለብ ያለ የጨው ውኃ ትዘፈዝፋለች። እግሯን አንሥታ ወደ ብርሃን አዙራ ታየዋለች፤ እንደሚነበብ ነገር። «ቆዳ አይቸኩልም» ትላለች። የእግሯን ይሁን የኮርቻውን አትለይም ነበር።

እኛ ዘንድ ደግሞ ቆዳ የሚለፋው እንደዚያ አይደለም። ለአቁማዳ የሚሆን የፍየል ቆዳ ሲኖር ተነክሮ፣ ቅቤ ተቀብቶ፣ ተጠቅልሎ መሬት ላይ ይጣላል፤ ከዚያ በእግር ይረገጣል። አንድ ሰው ብቻውን አይረግጠውም። ቆዳ ሲለፋ ደርሶ ሳይረግጥ የሚያልፍ ጎረቤት እንደ ጠላት ነው የሚታየው። ለውኃ የወረደችውም፣ እሳት ልትጫር የመጣችውም ትረግጣለች። ብዙ እግር ያረፈበት አቁማዳ ይለሰልሳል፣ እህሉም ይበረክታል ይባላል።

ታዲያ ትርንጎ ለክትባት ዘመቻ ወደ ደሃና ሄደች። ያ አገር በእግርና በአህያ እንጂ በሌላ ስለማይደረስ ብስክሌቷን ግቢ ውስጥ ትታ ነበር የሄደችው። አያ ዳኘው ብስክሌቷን አይተው አይተው፣

«ይቺ የሰው ልጅ ብቻዋን በመቀመጫዋ ቆዳ ስታለፋ ዝም ብለን እናያለን? ጎረቤት ምን ሊሠራ ነው?» አሉ።

«ባለቤቷ ሳትመጣ?» አልኩ እኔ።

«አንቺ ደግሞ! የራስሽን ጥላም አስፈቅደሽ ነው የምትረግጪ» አለችኝ ሽታዬ። ሁሉም ሳቁ።

ፈንቴ በመፍቻ ፈታው። ከጠዋት ጀምሮ በገንዳ ውኃ ተነክሮ ዋለ። እማማ ዘውዴ ለቆዳ የሚሆን የቆየ ቅቤ አወጡ፤ በብረቱ በኩል ጆንያ ተነጠፈለትና ቅቤ ተቀብቶ ቆዳው ወደ ላይ ሆኖ ተቀመጠ። መጀመሪያ አያ ዳኘው ምርኩዛቸውን ይዘው በተረከዛቸው ረገጡት። እማማ ዘውዴ ቀጠሉ። ሽታዬ እየረገጠች በአገውኛ የቆዳ መርገጫ ዜማ አወጣች፤ ፈንቴ በግንበኛ እግሩ እንደ ጭቃ አቦካው። ወለላ ሁለት እጇን ይዘናት ዘለለችበት። እኔም ረገጥኩ። ቡቺ የፈሰሰውን ቅቤ ይልሳል። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ፣ አቧራው እንደ ወርቅ ዱቄት ተንሳፍፎ፣ ሁላችንም እየሳቅን ነበር። ያን ከሰዓት ሳስታውሰው አሁንም እግሬ ሥር ቅቤው ይሞቀኛል። እንደዚያ ተደስተን የምናውቅ አይመስለኝም።

ቆዳው እጅ ሰጠ። እንደ ትኩስ ዳቦ ለሰለሰ። በደስታ ወደ ቦታው መለስነው። ሲደርቅ ግን መሐሉ ወደ ታች ወረደ፤ እንደ አሮጌ የጠፍር አልጋ ረገበ። እኛ ግን ልስላሴውን እንጂ መርገቡን ጉዳይ አላልነውም።

ትርንጎ ከደሃና ስትመለስ ከራስ ፀጉሯ እስከ ጣቷ አቧራ ለብሳ ነበር። እኛ እንደ ሰርገኛ ተቀባይ ተሰልፈን ቆመናል። አያ ዳኘው፣ «ነይ እስቲ ንኪው!» አሏት። እጇን አሳረፈችበት። እጇ ወረደ፤ ቆዳው አብሮ ወረደ። ደግማ ጫነችው። ሽታዬ ማስቀየሻ ነገር ልትናገር አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

«የማን የማን እግር አርፎበታል?» አለች ትርንጎ ቀስ ብላ።

ተራ በተራ ተናገርን። ወለላ ከኋላዬ ሆና፣ «እኔ ዘልዬበታለሁ» አለች።

ትርንጎ ሁላችንንም አየችን። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ እስክትል ድረስ ሳቀች። እንባዋን በአቧራማ እጇ እየጠረገች፣ «በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሰፈሩን ተቀምጬበት ነው የምዞረው!» አለች።

አያ ዳኘው ደስ አላቸው። ነገሩ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። ፊቷን ስትታጠብ ውኃ አፈስላት ነበር፤ ከሳቁ በታች ሌላ ነገር ነበረ።

«ተበላሸ አይደል?» አልኳት።

«አልተበላሸም። ግን እትዬ ብርቄ፣ ይኸ ቆዳ አሁን ስድስት ሰው ያውቃል፤ እኔን ግን አያውቀኝም።»

ሌላ ቃል አልተናገረችም። ለአያ ዳኘውም፣ ለማንም። በማግሥቱ እኔና እሷ የኮርቻውን ግራና ቀኝ ጆሮ በወስፌ በሳነው። ፈንቴ ከበሬ ቆዳ ቀጭን ጠፍር ቆርጦ ሰጠንና፣ ከሥሩ በቀዳዳዎቹ እያሻገርን እንደ ጫማ ክር ስበን አሰርነው። ቆዳው እንደገና ቀና አለ። እሷም እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ማነከሱንም፣ ሰሙንም፣ የጨው ውኃውንም።

ክረምት አለፈ፤ በጋም አለፈ። አንድ ቀን በር ላይ ሆና ጠራችኝ። ልጇ ጥርስ ያወጣላት እናት ነበር የምትመስለው። ኮርቻው ላይ ሁለት ጉድጓዶች፣ እንደ ሁለት መዳፍ፣ ጎን ለጎን ወጥተው ነበር። «አየሽ፣ አወቀኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ከመውጣቷ በፊት የበቅሎ አንገት እንደሚዳሰስ ኮርቻዋን ዳስሳ ነበር የምትወጣው። ዓመታት እንዲህ አለፉ፤ ፉጨት፣ ዳገት፣ ጭጋግ፣ ፉጨት። ዝናብ የቀረበት ዓመት መጣ፣ ሄደ። ወለላ አደገች። መቼ እንዳደገች ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ በር ላይ ቆሜ እየጠበቅኳት ነው ያደገችብኝ።

አሥረኛ ክፍል ጨረሰች። ያኔ ከየገጠሩ ሴት ልጆች ለጤና ሥራ እየተመለመሉ ዓመት ይሠለጥኑ ነበር፤ እሷም ገባች። ከሥልጠናው በኋላ ሰቆጣ አጠገብ የምትመደብ መስሎኝ ነበር። ሲያልቅ ምደባ መጣ፦ ዝቋላ፣ ከመኪና መንገድ ወርዶ ቆላ ውስጥ ያለ ቀበሌ።

አይሆንም አልኩ። ሙቀቱን አልኩ። ክረምት ድንገት የሚሞላውን ወንዝ አልኩ። ገደል ዳር የሚያልፈውን የእግር መንገድ አልኩ። ያላልኩት አንድ ነገር ነው፤ እሱንም ፈንቴ ያውቀዋል። አንዱን ቀብሬአለሁ።

«እማ፣ እኔ ካልሄድኩ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል» አለች ወለላ።

«ይሰጥ።»

ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። ልጄ ጀርባዋን ስትሰጠኝ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር።

ትርንጎን አምኜ ነበር። መንገዱን እሷ ታውቀዋለች፤ በዚያ ቆላ ወድቃም ተነሥታም ታውቃለች። ወለላ ባለችበት ጠራኋትና፣ «አንቺ ታውቂዋለሽ። አይሆንም በያት» አልኳት።

ትርንጎ የወለላን ፊት አላየችም። እግሯን አየች። ወለላ ያደረገችው ተረከዙ የሳሳ የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማ ነበር።

«በዚህስ አይሆንም» አለች ትርንጎ።

እፎይ አልኩ። ለትንሽ ጊዜ ነው።

«ነገ ገበያ ነው» አለች ቀጥላ። «ጫማ እንገዛለን።»

ጫማ ሻጮቹ ሸራ ላይ ዘርግተው ተደርድረዋል። ትርንጎ የሚያብረቀርቀውን ሁሉ አለፈች። አንድ ቀልጣፋ ነጋዴ ጥቁር ከስክስ ጫማ አንሥቶ በቡጢ እየመታ ጠራን።

«እናቴ፣ ይኼ ከእርስዎ ዕድሜ በላይ ነው የሚኖር!»

«የኔን ዕድሜ ምን አስለካህ?» አልኩት።

ትርንጎ ሶሉን አጠፈችው፤ ስፌቱን በጥፍሯ ፈተነች፤ እጇን እስከ ክንዷ አስገብታ ምስማር የወጣበት እንዳለ ዳሰሰች። እኔ አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን አነሣሁ። «ታድግበታለች» አልኩ።

«እግሯ እኮ አድጎ ጨርሷል» አለች ትርንጎ። «ወለላ፣ ወፍራሙን ካልሲ አድርገሽ እሰሪውና እስከ ወንዙ ወርደሽ ተመለሽ።»

ነጋዴው ብድግ አለ። «ኧረ እህቴ፣ ይዛው ብትጠፋስ?»

«እናቷን አስይዘንሃል።»

«እናቷን ምን አደርጋታለሁ?»

«ስትጨነቅ ታያታለህ። ያንጊዜ ራስህ፣ ‹ሄደሽ ፈልጊያት› ብለህ ትለቃታለህ።»

ዙሪያችን የነበረው ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ዓይኔ ግን ቁልቁለቱ ላይ ነበር። ወለላ ስትመለስ ትርንጎ ጠየቀቻት። «ዳገት ላይ ተረከዝሽ ወጣ? ቁልቁለት ላይ ጣትሽ ጫፉን ነካ?» ነክቷል። «ጥፍርሽን ይነቅለዋል፤ አውልቂ» አለች። ሌላው ደግሞ ከኋላ ለቀቃት። እንዲህ እየወረደች እየወጣች ቆይታ አንዱ ተገኘ፤ ሶሉ እንደ መኪና ጎማ የወፈረ፣ ሞራ ሞራ የሚሸት፣ የጠጠረ። ነጋዴው ላቡን እየጠረገ፣ «እህቴ፣ ሚስት ሳገባ እንዲህ አልመረጥኩም» አለ። ትርንጎም፣ «እሷ አንተን እንደመረጠች በምን ታውቃለህ?» አለችው።

ወደ ቤት ስንመለስ ጫማውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ከባድ ነበር። ያን ጊዜ ነው ልቤ የወደቀው፤ እንደዚህ ያለ ጫማ ቅርብ ለሚሆን ሰው አይገዛም።

ወለላ ልትሄድ ጥቂት ሳምንት ቀርቷት ነበር። ጫማውን በግቢ ውስጥ እያደረገች ለመልመድ ጀመረች። ማታ ስታወልቅ ተረከዟ ውኃ ቋጥሮ አየሁ። በነጋታው እሷ ወደ ጤና ቢሮ ስትሄድ ጫማውን እኔ አደረግኩት። እግሬ ሰፊ ነው፤ ከአውራ ጣቴ ሥር አጥንት አብጧል፤ ጨመቀኝ። ግን አደረግኩት። ወፍጮ ቤት ደርሼ ተመለስኩ። በማግሥቱም ውኃ ወረድኩበት። ሽታዬ ከሩቅ አይታኝ ወጣች።

«ኧረ ጦር ሠራዊት መጣ! ብርቄ፣ ዘመቻው ወዴት ነው?»

«ለልጄ እያለፋሁላት ነው።»

ተረከዜ ተላጠ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መላጡ ደስ ይለኝ ነበር። እኔን የላጠኝ ሁሉ እሷን የማይልጣት መስሎኝ፣ እያንዳንዷን ቁስል ከልጄ መንገድ ላይ ያነሣሁት እሾህ አድርጌ እቆጥራት ነበር። ጫማውም ቀስ በቀስ ተከፈተልኝ።

አንድ ቀን ጀሪካኔን ተሸክሜ ከወንዙ ስወጣ ያ ፉጨት ከላይ መጣ። መንገዱን ለቅቄ ዳር ቆምኩ። ትርንጎ አለፈችኝና ፍሬን ያዘች፤ ብስክሌቷን ድንጋይ ላይ አስደግፋ ወደ እግሬ አየች። አልሳቀችም።

«አውልቂው እስቲ» አለችኝ።

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አወለቅሁት። እጇን ከውስጥ አስገባች፤ ዳሰሰች። ከዚያ የእኔን እጅ ይዛ አስገባችው። በጎኑ በኩል፣ የእኔ አጥንት በሚገፋበት ቦታ፣ ቆዳው ወደ ውጭ አብጦ ጎድጉዷል።

ያንኑ እጄን ይዛ ወደ ብስክሌቷ ወሰደችኝና ኮርቻው ላይ አስቀመጠችው፤ ከሁለቱ ጉድጓዶች ላይ። ቆዳው ከእሷ ገላ የተነሣ ገና ሞቃት ነበር።

«ይህን ማን ሠራው?»

«አንቺ።»

«ያን ጊዜ ስድስታችሁ ስትረግጡት ምን ሆነ?»

«ረገበ።»

«ጠልታችሁኝ ነበር?»

«ኧረ ትርንጎ!»

«ወዳችሁኝ ነው። አውቃለሁ፣ ዛሬም ተቀምጬበት ነው የምዞረው። ይኼም ያው ነው፣ እትዬ ብርቄ። አንቺ ካደረግሽው ያንቺን እግር ይለምዳል፤ ዝቋላ የምትወርደው ግን እሷ ናት። ቁስሏን አትውሰጅባት። አንቺ ጨርቁን አዘጋጂ።»

ትርንጎ የጫማዎቹን ክር አስራ በብስክሌቷ መሪ ላይ ሰቀለቻቸውና እየገፋች ፊት ፊት ሄደች። እኔ ጀሪካኔን ተሸክሜ በባዶ እግሬ ተከተልኩ። ዳገቱ ላይ አመሻሽ ነበር፤ ተራሮቹ አንዱ ባንዱ ላይ ሰማያዊ እየሆኑ ይርቃሉ። ሁለቱ ጫማዎች በዚያ ብርሃን ውስጥ እየተወዛወዙ፣ መሬት ሳይነኩ፣ ከፊቴ ይራመዳሉ። ልጄ ስትሄድ ያየኋት ያን ጊዜ ነው፤ በኋላ የሄደችው ቀን አይደለም። ቤት ስንደርስ ወለላን ጠርቼ፣ «ጫማሽን ውሰጂ» አልኳት። ፊቴን አየችና ሌላ ሳልናገር ገባት።

አሮጌ ነጠላዬን ቀድጄ እንደ ፋሻ ጠቀለልኩ፤ በትንሽ ቆርቆሮ ሞራና ሰም አደረግኩላት። እሷ አደረገችው፤ ቆሰለች፣ ዳነች፣ ደግማ ቆሰለች። እኔ አሰርኩላት እንጂ አላወለቅኩባትም። ለእኔ ከዝቋላ ቁልቁለት የከበደው እሱ ነበር።

የሄደችው ጭጋግ በተኛበት ማለዳ ነው። ትርንጎ መንገዱ እስከሚያልቅበት ልትሸኛት ብስክሌቷን አወጣች። ኮርቻዋን ዳሰሰች። አያ ዳኘው ምርኩዛቸውን ተደግፈው መረቁ። ልጄ ጫማዋን ጠብቃ አስራ ወጣች፤ የሶሉ ድምፅ ጠጠሩ ላይ ከበድ ከበድ ይላል። ጭጋጉ መጀመሪያ እግራቸውን ዋጠው፣ ቀጥሎ ወገባቸውን፣ ቀጥሎ አጠፋቸው። እኔ በር ላይ ቆምኩ። አልተከተልኩም።

ከዚያ ፉጨቱ መጣ። ቆየት ብሎ ሌላ ፉጨት መለሰለት፤ የተሰባበረ፣ ትንፋሽ የበዛበት።

እማማ ዘውዴ አማተቡ። «ወይኔ! የኛንም ልጅ አስተማረቻት!»

ትርንጎ ራሷ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። ዝውውር መጣላት። ብስክሌቱ የመሥሪያ ቤት ስለሆነ አስረከበች፤ ኮርቻው ግን የራሷ ነበርና ፈትታ ወሰደችው። አውቶቡስ ውስጥ ታቅፋው ተቀመጠች። ረዳቱ ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

«እህቴ፣ ይኼን ጣራ ላይ ልጫነው።»

«እሱ ከእኔ ጋር ነው የሚቀመጠው።»

«በቅሎዋስ የት አለች?»

«በቅሎዋ የመንግሥት ናት» አለችው። «ጀርባዋ ግን የእኔ ነው።»

አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮቱ ራሷን አውጥታ አፏጨች። እማማ ዘውዴ አልተቆጡም፤ እንዲያውም በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር። ለጥቂት ጊዜ ሰላምታዋ በሰው በሰው ይደርሰኝ ነበር። ወደ መተማ በኩል ናት አሉኝ። ከዚያ እሱም ቀረ።

ወለላ ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ ለእንቁጣጣሽ መጣች። ጠቁራለች፤ ከስታለች፤ ድምፅዋ ጎላ ብሏል። ጫማዋን እኔ ላውልቅልሽ ብዬ እጄን ከውስጥ አስገባሁ፤ የአጥንቴን ቦታ ፈለግኩት። አጣሁት። ቆዳው የእሷን እግር ይዟል። ደስ አለኝ፤ ትንሽም ቅር አለኝ። ሁለቱንም ለመንገር የፈለግኩት ለትርንጎ ነበር፤ እስከ ዛሬም አልነገርኳትም። ያ ጫማ አልቆ ሌላ ተተክቷል። ወለላ ዛሬም በጤና ሥራ ላይ ናት፤ ስትወርድ ታፏጫለች።

አያ ዳኘውና እማማ ዘውዴ አርፈዋል። የቀረነው ጥቂት ነን። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ትርንጎ ትባላለች፤ ክትባት ሰጪ ነበረች፤ የባሕር ዳር ልጅ ናት። ከሥሩ በበሬ ጠፍር የተሰፋ የቆዳ ኮርቻ አላት። ያያት ወይም ያለችበትን የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ሰቆጣ ላለሁት ለብርቄ ወሬዋን አድርሱልኝ። ደኅና ናት ወይ?